የሊዮናርዶን የቅድስት ሐና ንድፍ እንዴት እናነብበዋለን? ከቅንብር ወደ ምልክት፣ ደረጃ በደረጃ

የህዳሴ ዘመን ቅዱሳት ሥዕሎች በተነሡ ቁጥር የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ይህ ጣት ምን ማለት ነው? ያ ድንጋይስ?» ጥያቄው መልካም ነው፤ የሚጠየቀው ግን ከተራው ቀድሞ ነው። ቅንብሩን ሳያዩ ምልክት የሚለቅሙ ሰዎች ሁሉም ነገር ሁሉንም ነገር የሚያመለክት መስሎ ይታያቸዋል። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከመስመር ወደ ትርጉም ነው።

የምንሠራበት ንድፍ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በከሰልና በነጭ ጠመኔ የሠራው፣ ቅድስት ድንግል ማርያምን፣ ሕፃኑን ኢየሱስን፣ ቅድስት ሐናንና ሕፃኑን ዮሐንስ መጥምቅን የሚያሳየው ትልቅ ወረቀት ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ወደ 1500 ገደማ ነው፤ ጥቂት ዓመታት የሚያዘገዩትም ባለሙያዎች አሉ። ዛሬ ያለው ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሲሆን «የበርሊንግተን ሀውስ ካርቶን» ይባላል። ካርቶን ማለት እዚህ ላይ ዕቃ የሚታሸግበት ማለት አይደለም፤ ለሚሳለው ሥዕል በእውነተኛው መጠኑ የሚዘጋጅ ንድፍ ነው።

ይህን የመረጥነው ምልክቱን በዕቃ ስለማይሸከም ነው። በግ የለም፣ መስቀል የለም፣ አበባ የለም፣ አክሊለ ብርሃን እንኳ የለም። ትርጉሙ ያለው በአቀማመጥ፣ በዓይንና በእጅ ስለሆነ ቅንብር ማንበብን ለመማር ይመቻል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የንድፉ ጥራት ያለው ፎቶ፣ በኤ3 ወረቀት በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም የታተመ። ወረቀቱ ቡናማ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ነጩ ጠመኔ ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል።
- ያንኑ ፎቶ አጉልታችሁ የምታዩበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር
- ትሬሲንግ ፔፐር፣ 4 ቅጠል
- የወረቀት ፕላስተር (ሲነሣ የማይቀድድ)
- የ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ
- አንድ ለስላሳ እርሳስ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እስክሪብቶ
- መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ ወንጌል ያለበት
- ከ2 እስከ 3 ሰዓት። በአንድ ቀን ካልተመቸ ከደረጃ 5 በኋላ አቋርጡ፤ ከዚያ በፊት ግን አታቋርጡ።

1. ፎቶው ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ

የንድፉ ቁመት 141.5፣ ስፋቱ 104.6 ሳንቲሜትር ነው። የፎቶውን ቁመት ለስፋቱ አካፍሉ፤ 1.35 አካባቢ መምጣት አለበት። 1.2 ወይም 1.5 ከመጣ ፎቶው ተቆርጧል ወይም ተለጥጧል፤ ሌላ ፈልጉ። ቁመቱን 38 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ስታትሙ ስፋቱ 28.1 ይሆናል፣ ኤ3 ላይም ጠርዝ ተርፎት ይገባል። በዚህ መጠን በወረቀታችሁ ላይ ያለው 1 ሳንቲሜትር በዋናው ላይ 3.7 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ድረ ገጽ ላይ የሚዞሩት አብዛኞቹ ፎቶዎች የታችኛውን ክፍል ይቆርጡታል፤ እግሮቹ ያላለቁ ስለሆኑ «አያምርም» ተብሎ። እግሮቹና መሬቱ ከሌሉ ደግሞ ደረጃ 8ን መሥራት አይቻልም።

ጥንቃቄ፦ ወረቀቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ 8 ቅጠሎች ተጣብቀው ነው የተሠራው። ስታጎሉት ቀጥ ያሉ ደካማ መስመሮች ይታያሉ። እነሱ የወረቀት መጋጠሚያ እንጂ የሠዓሊው መስመር አይደሉም። እንደዚሁ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ሰው በጠመንጃ ተኩሶበት በማርያም ደረት አካባቢ ጉዳት ደርሷል፤ በኋላ ተጠግኗል። በዚያ ቦታ የምታዩት ትንሽ የመስመር መዛባት ላይ ትርጉም አትስቀሉ።

2. ሰዎቹን በስማቸው ጥሩ፣ ጽሑፉን አንብቡ

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ስም በአጠገባቸው ተጽፎ ይገኛል። እዚህ የለም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ለዩ። ሕፃኑን በክንዷ የያዘችው፣ በእኛ በተመልካቾች ግራ በኩል ያለችው ማርያም ናት። ማርያም ጭኗ ላይ የተቀመጠችባት ሌላዋ ሴት ሐና ናት። ከማርያም ክንድ ወጥቶ የተዘረጋው ኢየሱስ፣ በቀኝ ታችኛው በኩል ቀና ብሎ የሚያየው ዮሐንስ ነው።

አሁን ሉቃስ 1፥39-56ን፣ ሉቃስ 1፥80ን እና ዮሐንስ 1፥29-36ን አንብቡ። የመጀመሪያው ዮሐንስ በማኅፀን ሳለ ለኢየሱስ የዘለለበት ነው፤ ሁለተኛው በምድረ በዳ ማደጉን ይናገራል፤ ሦስተኛው አድጎ «የእግዚአብሔር በግ» ብሎ የመሰከረበት ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ተገናኝተው እንደዚህ ሲጫወቱ የሚተርክ ቦታ በወንጌል ውስጥ የለም። የማርያም እናት የሐናም ስም በወንጌል የለም፤ የመጣው ግንቦት 1 ልደታን ስናከብር ከምንሰማው የሐናና የኢያቄም ታሪክ ጋር ከአንድ ምንጭ፣ ከትውፊት ነው። በማስታወሻችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ «ከወንጌል» እና «ከትውፊት»። ይህን ያልለየ ሰው በኋላ «ሉቃስ እንዲህ ይላል» እያለ ሉቃስ ያላለውን ይጽፋል።

3. ውጫዊውን ቅርጽ ብቻ ገልብጡ

የመጀመሪያውን ትሬሲንግ ፔፐር በፕላስተር አጣብቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና አንድ ትልቅ ክምር ይቀራል። የዚያን ክምር ጠርዝ በእርሳስ አንድ ጊዜ ዙሩት። ፊት፣ ጣት፣ የልብስ እጥፋት አትንኩ።

የምታገኙት ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠበብ ያለ አንድ ጅምላ ነው። አራት ሰው ነው፣ ግን አራት ቅርጽ አይደለም። ሁለቱን ሴቶች ለብቻ ለብቻ ለመክበብ ሞክሩ፤ የማርያም ልብስ የት አልቆ የሐና የት እንደሚጀምር ስትፈልጉ እጃችሁ ይቆማል። ያ መቆም ስሕተት አይደለም፣ ሠዓሊው የፈለገው ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለዚሁ ቅንብር የተሠራ አንድ ትንሽ የቀለም ንድፍ አለ፤ ሊዮናርዶ መስመር በመስመር ላይ ደራርቦ መሐሉ ጥቁር ጭቃ እስኪመስል ድረስ አካላቱን ሲያገጣጥም ይታያል። መዋሐዱ በድካም የተገኘ ነው።

4. ራሶችን ነጥብ አድርጉ

በሁለተኛው ትሬሲንግ ፔፐር ላይ በአራቱም ራስ መሐል ቀይ ነጥብ አኑሩና አገናኙ። የሁለቱ ሴቶች ራስ ከሞላ ጎደል በአንድ ከፍታ ላይ ነው። የሁለቱ ሕፃናት ደግሞ ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነገር ነው። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ባለው የሊዮናርዶ ሌላ የሐና ሥዕል ላይ የሐና ራስ ከሁሉም በላይ ነው፤ ማርያም ከሥሯ ጎንበስ ብላለች። እዚያ አንድ ጫፍ ያለው ፒራሚድ አለ። እዚህ ግን እናትና ልጅ እኩል ናቸው፤ በዕድሜም እንኳ ብዙ የሚራራቁ አይመስሉም። ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ቃል «ፒራሚድ» ብሎ ማለፍ ልዩነቱን መሰረዝ ነው።

5. ጉልበቶችን ፈልጉ

አብዛኛው ሰው የሚዘልለው፣ እኛ ግን ረዘም ያለ ጊዜ እንድትሰጡት የምንፈልገው ይህ ደረጃ ነው። በዚያው ቅጠል ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚታዩትን ጉልበቶች ክበቡ፣ ከየጉልበቱ ወደ ዳሌ የሚሄደውን የጭን መስመር አስምሩ። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ማን በማን ላይ ተቀምጧል?» የሚለውን መልሱ።

መልሱ፦ ማርያም በሐና ጭን ላይ፣ ኢየሱስ በማርያም ክንድ ላይ፣ ዮሐንስ ደግሞ በሐና ጉልበት በኩል ተጠግቶ። ትውልድ በትውልድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የዘር ሐረግ በጽሑፍ ሲሆን «ሐና ማርያምን ወለደች፣ ማርያም ኢየሱስን ወለደች» ይባላል፤ እዚህ ያው ነገር በጭን ተነግሯል። ምልክቱ ዕቃ ሳይሆን ክብደት ነው፦ የሕፃኑን ክብደት ማርያም፣ የሁለቱን ክብደት ሐና ትሸከማለች፣ ሁሉም በመጨረሻ በእነዚያ ባላለቁ እግሮች በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

የሚበላሸው የት ነው? የጨርቅ እጥፋትን እንደ ጉልበት መቁጠር። መለያው ብርሃን ነው። በእውነተኛ ጉልበት ላይ ነጩ ጠመኔ ክብ ሆኖ ያርፋል፤ በእጥፋት ላይ ግን ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይሮጣል። ካላረጋገጣችሁ አትክበቡ።

6. የዓይን ቀስቶች

በሦስተኛው ቅጠል ላይ ከእያንዳንዱ ዓይን ወደሚያየው ነገር በአረንጓዴ ቀስት ሥሩ። ሐና ማርያምን ታያለች። የማርያም ዓይን ወደ ልጆቹ ዝቅ ብሏል። ኢየሱስና ዮሐንስ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም እኛን አያይም።

ቀስቶቹ ከሐና ተነሥተው በማርያም አልፈው ወደ ሕፃናቱ የሚወርድ ሰንሰለት ይሠራሉ። ሰንሰለቱ ታች ደርሶ ይቆማል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ነገር የሚቀጥለው ደረጃ ላይ አለ።

7. እጆች፦ በቅርብ የሚታይ ቦታ

ፎቶውን በስልክ ከፍታችሁ የኢየሱስ ቀኝ እጅ ያለበትን ቦታ ስክሪኑን እስኪሞላ አጉሉት። የሚባርክ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ተነሥተዋል። ግራ እጁ ደግሞ የዮሐንስን አገጭ ይነካል፣ ሕፃን ሕፃንን እንደሚዳብስ። በአንድ አካል ላይ ሁለት ነገር፦ አንዱ እጅ ጌታ ነው፣ ሌላው ልጅ።

አሁን ከባራኪው እጅ አጠገብ እዩ። የሐና ግራ እጅ አመልካች ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል። ይህ እጅ ጥላም ብርሃንም የለውም፤ በመስመር ብቻ ተከብቦ ቀርቷል። ፊቶቹ ሥጋ ለብሰው ሳለ ይህ እጅ የመስመር ጥላ ብቻ ነው። ሦስቱንም እጆች በቀይ ገልብጡ፤ ከማርያም ክንድ ተነሥቶ በሕፃኑ ገላ አልፎ ወደ ባራኪው እጅ የሚሄደውን መስመርም ጨምሩ። መስመሩ በቀጥታ ወደዚያ ጣት ይመራችኋል፤ ጣቱ ደግሞ ከወረቀቱ ውጭ ወደ ላይ ይልካችኋል።

ትርጉሙን ስትጽፉ በሁለት ክፈሉት፦

- *የሚታየው*፦ ጣቱ ወደ ላይ ይጠቁማል፣ ከበረከቱ እጅ ጋር ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ከሕፃኑ ሥራ ጋር የሚገናኝ የሰማይ ፈቃድን ያሳያል ማለት ይቻላል። ሊዮናርዶ ይህን ጣት ደጋግሞ ተጠቅሞበታል፤ በሚላኖው የመጨረሻው እራት ቶማስ፣ በሉቭር ባለ ሌላ ሥዕሉ ደግሞ ጎልማሳው ዮሐንስ መጥምቅ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ።
- *የማይታየው*፦ እጁ ለምን ሳያልቅ እንደቀረ። «መንፈሳዊ ስለሆነ ሆን ብሎ ሥጋ አላለበሰውም» የሚለው ሐሳብ ውብ ነው፤ ነገር ግን እግሮቹም አላለቁም። አንዱን አለማለቅ ምሥጢር፣ ሌላውን አለማለቅ የሥራ መቋረጥ ማለት አግባብ አይደለም።

8. መሬቱና ተራራው

ከእግሮቹ ሥር ጠጠርና ውኃ ይታያል፤ ከኋላ ተራሮች አሉ። በአንድ መስመር መዝግቡና እለፉ። ውኃው ዮሐንስ ካለበት ትዕይንት ጋር ስለተገናኘ ጥምቀትን ማስታወሱ ተገቢ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው።

9. ምልክቶቹን በሦስት መደብ አስቀምጡ

በማስታወሻችሁ ላይ እያንዳንዱን ምልክት ከሚከተሉት በአንዱ ሥር ጻፉ፦

ሀ) በጽሑፍ የተደገፈ። ምሳሌ፦ የዮሐንስና የኢየሱስ ግንኙነት (ሉቃስ 1፣ ዮሐንስ 1)።
ለ) በቅንብሩ የተደገፈ። ምሳሌ፦ በጭን ላይ የተቀመጠው ትውልድ፣ የጣቱና የበረከቱ ጉርብትና።
ሐ) ግምት። ምሳሌ፦ ውኃው።

«ሐ» ከ«ለ» ከበለጠ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ በቂ ሳታዩ መተርጎም ጀምራችኋል ማለት ነው።

በዘመኑ የነበረ ሰው የሰጠው ትርጉም ሲገኝ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠ አጣሩ። ፍራ ፒየትሮ ዳ ኖቬላራ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1501 ለኢዛቤላ ዴስቴ (የጣሊያኗ ማንቱዋ ገዢ ባለቤት) በጻፈው ደብዳቤ የሊዮናርዶን አንድ የሐና ካርቶን ይገልጻል፦ ሕፃኑ በግ ይዟል፣ ማርያም ከሐና ጭን ተነሥታ ልትለየው ትሞክራለች፣ ሐና ትከለክላታለች፤ ምናልባትም ሐና ቤተ ክርስቲያንን ትወክላለች፣ የክርስቶስ ሕማም እንዳይስተጓጎል ትፈልጋለች ይላል። እጅግ ጠቃሚ ምስክርነት ነው። ግን በእኛ ንድፍ ላይ በግ የለም፣ ማርያምም አልተነሣችም። የሚናገረው ስለ ሌላ ካርቶን ነው። ይህን ትርጉም አንሥቶ በዚህ ንድፍ ላይ መለጠፍ በጽሑፎች ላይ በብዛት የምናየው ስሕተት ነው።

10. ከሌላ እጅ ሥራ ጋር አነጻጽሩ

የቤርናርዲኖ ሉዊኒን የቅዱሱን ቤተሰብ ሥዕል ፈልጉ፤ ሚላኖ፣ አምብሮዚያና በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው። ይህንኑ ቅንብር ተከትሎ የተሳለ ሲሆን ዮሴፍ ተጨምሮበታል። አራተኛውን ትሬሲንግ ፔፐር በእሱ ላይ አድርጋችሁ ደረጃ 3ን እና 4ን ድገሙ። አንድ ራስ መጨመሩ የራሶቹን መስመር ምን እንዳደረገው፣ ያለቀው እጅስ ካላለቀው ጋር ሲተያይ ኃይሉ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን በራሳችሁ ዓይን ፍረዱ።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

*የጎን ፊትን እንደ ክፋት ማንበብ።* በእኛ ጥንታዊ ሥዕል ደጋጎች በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን መሳላቸውን ያወቀ ሰው እዚህ ይደናገራል፤ ምክንያቱም ዮሐንስ በጎን ነው የሚታየው። ያ ሕግ የእኛ ሠዓሊያን ሕግ ነው። ፍሎረንስና ሚላኖ ላይ አይሠራም። እዚህ የጎን ፊት የሚያሳየው ሰውየው ወዴት እንደሚመለከት ብቻ ነው።

*ወርቃማ ጠመዝማዛ መጫን።* በስልክ መተግበሪያ የተዘጋጀ ጠመዝማዛ (በ«ወርቃማው ምጥጥን» ልክ እየሰፋ የሚሄድ መስመር) በማንኛውም ሥዕል ላይ ቢጫን የሆነ ነገር ላይ ያርፋል። ከሰዎቹ አካል፣ ከዓይናቸውና ከእጃቸው ያልተነሣ መስመር አታስምሩ።

*በልብስ እጥፋት የተደበቀ ቅርጽ መፈለግ።* በሉቭሩ የሐና ሥዕል ላይ በማርያም ልብስ ውስጥ «ጥንብ አንሣ አለ» የተባለው ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጽሑፍ መነሻነት ነው። ፍሮይድ የተመሠረተበት የጀርመንኛ ትርጉም ደግሞ ሊዮናርዶ ስለ ልጅነት ትዝታው ሲጽፍ «ጭልፊት» ያለውን «ጥንብ አንሣ» ብሎት ነበር። ወፉ የተፈለገው በተሳሳተ ቃል ምክንያት ነው።

*ካርቶን ሁሉ ለግልበጣ ውሏል ማለት።* ካርቶን ወደ ሰሌዳ ሲገለበጥ መስመሩ በመርፌ ይበሳል ወይም በሹል ነገር ይጫናል። በዚህ ንድፍ መስመሮች ላይ ያ ምልክት የለም። «ከዚህ ተገልብጦ የተሳለው ሥዕል የት አለ?» ብላችሁ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ለንደን ላላችሁ

የጋለሪው ቋሚ ስብስብ መግቢያው ነጻ ነው። ከሰልና ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳቸው ንድፉ ያለበት ቦታ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ከደማቅ ክፍል ገብታችሁ ወዲያው አትፍረዱ፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ 5 ደቂቃ ቁሙ። መጀመሪያ ከ3 ሜትር ርቃችሁ ደረጃ 3ን በዓይን ሥሩ፣ ከዚያ ቀርባችሁ ወደ ሐና እጅ ሂዱ። ትሬሲንግ ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ቤት የሠራችኋቸውን ቀይ ነጥቦች ከዋናው ጋር አስተያዩ፤ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው የዮሐንስ ራስ ነው፣ በፎቶ ላይ ጥላው ስለሚውጠው ሰዎች ዝቅ አድርገው ያኖሩታል።